ከድርቆሽ ጋር የተመዘነ ሰው

ክብደቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅሁት በድርቆሽ መኪና ሚዛን ላይ ነው። ክሊኒክ ስሄድ የሚዛኑ መርፌ እስከ ጫፍ ሄዶ እዚያው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ነርሷም "ጋሼ፣ ይውረዱልኝ፣ እንዳይበላሽብን" ትለኝ ነበር። የጭነት መኪና ሚዛን ግን ሰው አይመርጥም። ሱሉልታ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሹፌሩና ጫኝ አውራጁ እያዩ፣ አንድ መቶ ስልሳ ኪሎ ብሎ አወጀብኝ። የዚያኑ ዕለት እኔ ደግሞ በሥራዬ ላይ ዋሸሁ።

ይህን እንድጽፍ ያደረገችኝ ሲፈን ናት። ጡረታ ስወጣ በቦታዬ የተተካች ልጅ ናት፤ ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። "አካም ጅርቱ ጋሼ? አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሚዛኑ ዙሪያ ያለው ነጭ መስመር ለምንድን ነው? ካሜራ ሊገጥሙ ነው፤ ወለሉንም ሊያድሱት ስለሆነ መስመሩ ይጠፋል" አለችኝ። በስልክ ላስረዳት ሞከርኩ። ጀመርኩ፣ ወደ ኋላ ተመለስኩ፣ እንደገና ጀመርኩ፤ ነገሩ የሠላሳ አራት ዓመት ነገር ሆኖ አገኘሁት። "ልጻፍልሽ" አልኳት። "እሺ፣ ቴክስት ያድርጉልኝ" አለች። ቴክስቱ ይኸው።

ሥራ የጀመርኩት ሰበታ፣ አንድ ዱቄት ፋብሪካ በር ላይ ነው። ያኔ ቀበቶዬ ሰፍቶኝ በሚስማር ተጨማሪ ቀዳዳ የምበሳ ክስ ጎረምሳ ነበርኩ። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ሰው የለም። ባለቤቴ አስካለ ብቻ ምስክሬ ናት፤ እሷም ብትሆን "አዎ፣ ያገባሁት ሌላ ሰው ነበር" እያለች ነው የምትመሰክርልኝ።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ሎምበሶ ናቸው። ከከምባታ ለሥራ መጥተው ሰበታ የቀሩ፣ እሑድ እሑድ በቸርቻቸው መዘምራን መካከል በወፍራም ድምፅ የሚዘምሩ፣ በሥራ ቀን ግን ቃል ቆጥረው የሚያወጡ ሰው ነበሩ። ማለዳ ከሁሉም ቀድመው ይገቡና መጥረጊያ አንሥተው የሚዛኑን ወለል ይጠርጋሉ፤ የስንዴ ፍሬ፣ ጭቃ፣ ቁራጭ ገመድ፣ አንዳችም አያስቀሩም። ከዚያ በወለሉና በሲሚንቶው ጠርዝ መካከል ባለው ክፍተት ቀጭን ብረት እየሰደዱ ዙሪያውን ይፈትሹታል። እዚያ መሐል አንዲት ጠጠር ከተሰነቀረች ወለሉ እንደ ልቡ አይወርድም፤ ሚዛኑ ከሚገባው ያነሰ ይናገራል። ከዚያ ዜሮውን ያያሉ። በመጨረሻ የሙከራ ብረቶቹን አራቱም ማዕዘን ላይ በየተራ ያሳርፋሉ። አንድ ቀን ሰልችቶኝ "ጋሽ ሎምበሶ፣ ትናንት እኮ ትክክል ነበር" አልኳቸው። "ትናንትማ አንተም ቶሎ መጥተህ ነበር" አሉኝ፤ ያን ቀን አርፍጄ ነበር።

መኪና ሲገባ ሹፌሩን ያወርዳሉ፤ ረዳቱን ያወርዳሉ፤ ጭነቱ ላይ የተኛ ካለ የመኪናውን ጎን በዱላ ነካ ነካ አድርገው ይቀሰቅሱታል። ቁጥሩን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ይጽፋሉ፣ ለጥቂት ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቆያሉ፤ ከዚያ ከወረቀቱ ላይ እንደገና ያነባሉ። የሚጸልዩ ይመስለኝ ነበር። ስጠይቃቸው ዓይን አንዴ ያየውን ቁጥር በግድ መድገም እንደሚወድ ነገሩኝ፤ ጨፍኖ ካላስረሱት የተሳሳተውንም ትክክል ብሎ ያነበዋል።

ክረምት ሲገባና ሲወጣ ደግሞ የቀለም ቆርቆሮ ይዘው ይንበረከኩና ከሚዛኑ ወለል አንድ ክንድ ያህል ራቅ አድርገው ዙሪያውን ነጭ መስመር ያሰምራሉ። "ከዚህ ውስጥ የቆመ ሁሉ ጭነት ነው" ነበር የሚሉት። አንድ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ከእንግዶች ጋር መጥቶ ወለሉ ላይ ቆሞ ሲያስጎበኝ፣ መኪናው ሳይመዘን ቀረ። ጋሽ ሎምበሶ እስክሪብቶውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ቆሙ። ሰውዬው ግራ ሲገባው፣ "ጌታዬ፣ እርስዎን ስንዴ ብዬ ልጽፍዎት?" አሉት። ወረደ። እኔ ያን ቀን ሥራ የሚያስባርራቸው መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ምሳቸውን በሰላም በሉ።

ከዚያ ወደ ቡራዩ ተዛወርኩ። ሲሚንቶና የግንባታ ብረት የሚያከፋፍል መጋዘን ነው፤ ደሞዙ ትንሽ ይሻላል፣ ወንበሩ ደግሞ በጣም ይሻላል። ነገሬ የተበላሸው ከዚያ ወንበር ነው ብል ወንበሩን ማማት ይሆናል። ሚዛኑ ኤሌክትሮኒክስ ሆነ፤ ቁጥሩ ቁጭ ባልኩበት ይመጣልኛል። ከበሩ አጠገብ ሥጋ ቤት አለ። ከአምቦ መስመር የሚመጡት ሹፌሮች ተራ እስኪደርሳቸው ጥብስ ያዝዛሉ፤ "ጋሼ፣ ብቻችንን አንበላም" ይላሉ። ማንም ቁጥር እንዳዛባለት ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አዛብቼ አላውቅም። ግን ከሁሉም ጋር እበላ ነበር። ሹፌሩ አንዴ በልቶ ይሄዳል፤ እኔ ግን ከአሥሩም ጋር አንድ አንድ ጊዜ ስበላ አሥር ጊዜ መሆኑን ልብ አላልኩም።

ቁጥር ለማንበብ የተቀጠርኩ ሰው የራሴን ቁጥር ሳላነብ አሥራ ሰባት ዓመት አለፈ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ "ጋሼ፣ እርስዎ ጋቢና" ይላል፤ ክብር ይመስላል፤ ግን ከኋላ ሦስት ሰው የሚቀመጥበትን ለሁለት እንዳላደርግበት ነው። ለቅሶ ቤት ስሄድ ድንኳን አስተናጋጆቹ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አንዱን በአንዱ ውስጥ ሰክተው ያመጡልኛል፤ አንዱ ብቻውን ሁለት ጊዜ ከሥሬ ተሰብሯል። የጫማዬን ማሰሪያ የምታስረው አስካለ ናት። ሌሊት ማንኮራፋቴ ይቆማል፤ ከዚያ እሷ ጎኔን ትደቁሰኛለች፤ ከዚያ እንደገና እተነፍሳለሁ። ቀን ደግሞ እዚያው ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ይጥለኛል። ስኳርም ተገኘብኝ።

መጋዘኑ ውስጥ ስሜ "ተሳቢ" ነበር። ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። አንድ ሹፌር ሆዴን በዓይኑ ሲለካ ደረስኩበትና "ምን ታያለህ? ተሳቢ ነው፤ ያንተ ከኋላ ይከተልሃል፣ የእኔ ከፊት ይመራኛል" አልኩት። ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ማንም አንድ ቃል ከመናገሩ በፊት እኔ ቀድሜ በራሴ ላይ እቀልዳለሁ። የሳቀ ሰው ደግሞ ጥያቄ አይጠይቅም። ይህ ዘዴ ለብዙ ዘመን ጠቀመኝ፤ ለዚህም ነው በኋላ ያዋረደኝ።

ጋሽ ሎምበሶ ጡረታ ከወጡ በኋላ አንድ ቀን ቡራዩ ድረስ ሊጠይቁኝ መጡ። ከስተው፣ ነጭ ጢም አብቅለው፣ ግን ያው ናቸው። ሻይ ጠጣን። ሊሄዱ ሲሉ ሚዛኑ አጠገብ ቆመን ሳለ፣ "ቆመህ ሳለህ እግርህ ይታይሃል?" አሉኝ።

"ካየሁት ቆይቻለሁ፤ ካገኙት ሰላም ይበሉልኝ" ብዬ ሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም። "መስመሩን ለማየት እግርን ማየት ያስፈልጋል" ብለው ትከሻዬን ነካ አድርገው ሄዱ። ከዚያ በኋላ በሕይወት አላገኘኋቸውም። ሲያርፉ ሰበታ ሄጄ ቀበርኩ፤ እዚያም ሁለት ወንበር መጣልኝ።

የመጨረሻው ምድቤ ሱሉልታ ሆነ። ከብት የሚያደልብ ድርጅት ነው፤ ከኅዳር ጀምሮ የአካባቢው ገበሬ ድርቆሹን በመኪና እየጫነ ያመጣለታል። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ሰናይት ትባላለች፤ ረጋ ያለች፣ ቁም ነገር የምትወድ ሴት ናት። የሚዛን ቤቱ ግን ለእኔ አልተሠራም። በሩ ጠባብ ነው፤ ወደ ጎን ዞሬ ትንፋሼን ይዤ ነው የምገባው። መስመር የሚባል ነገር አልነበረም። ማስመር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ቀለምም ብሩሽም ሱቅ ሞልቷል። ለማስመር ግን መንበርከክ ያስፈልጋል፤ ከተንበረከኩ ደግሞ የሚያነሣኝ ክሬን ያስፈልጋል። "ነገ" እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ።

አሁን ሲፈን ሆይ፣ ይህንን ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ። መኪናው ጠዋት ድርቆሹን እንደ ጫነ ይመዘናል፤ ከሰዓት አራግፎ ባዶውን ሲወጣ እንደገና ይመዘናል። ባዶው ከሙሉው ሲቀነስ የሚቀረው የገበሬው ድርቆሽ ነው። የሱሉልታ ጠዋት እንደምታውቂው ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ ስለዚህ ጠዋት ውስጥ ነኝ። ከሰዓት ፀሐይ ትወጣለች፤ ያ ጠባብ ቤት ያፍነኛል፤ ወገቤም ይያዛል፤ ስለዚህ ወደ ውጭ እወጣና ሆዴን መስኮቱ ደፍ ላይ አሳርፌ፣ ከውጭ ሆኜ ወደ ውስጥ እያነበብኩ እጽፋለሁ። ከመስኮቱ ሥር ያለው መሬት ግን መሬት አይደለም፤ የሚዛኑ ወለል ጠርዝ ነው። እግሬን አላየውም። እኔ ባዶው መኪና ላይ እጨመራለሁ ማለት ነው። ባዶው በእኔ ልክ ሲከብድ፣ ድርቆሹ በእኔ ልክ ይቀንሳል።

ኦቦ ደቻሳ ጫንጮ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ በዕድሜ ይበልጡኛል። ድርቆሻቸውን ቤታቸው እስር በእስር በመንጠቆ ሚዛን መዝነው ነው የሚያመጡት። ሦስት ጊዜ አመጡ፤ ሦስቱንም ጊዜ ቤት ከመዘኑት ወደ አንድ ኩንታል ተኩል እየጎደለ አገኙት። በአራተኛው ቀን ባዶው መኪና ሚዛን ላይ ሲወጣ ከመስኮቱ በላይ ያለውን ትልቁን ቀይ ቁጥር አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ቁጥሩን አዩ።

"አንተ ሰውዬ" አሉኝ፣ "እስቲ ከዚያ ውረድ።"

"ከየት?"

"ከመኪናዬ ላይ።"

መኪናው ላይ እንዳልወጣሁ ልነግራቸው እየሳቅሁ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ። ቀዩ ቁጥር አብሮኝ ወረደ። አንድ መቶ ስልሳ። ሹፌሩ፣ ጫኝ አውራጆቹ፣ የበሩ ጥበቃ፣ ሁሉም ቀና ብለው ቁጥሩን ያያሉ። እዚያው ቆሜ ሠላሳ ዓመት የተማርኩት ሥራ፣ ጋሽ ሎምበሶ፣ ነጩ መስመር፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡብኝ። እኔ ደግሞ የማውቀውን አደረግሁ። "እንግዲህ ተሳቢው ተፈታ!" አልኩ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ኦቦ ደቻሳ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። "ያለፉት ሦስቱስ?" አሉኝ።

ይህችን ነው ዕድሜ ልኬን የማልረሳት። "ያኔ ውስጥ ነበርኩ" አልኳቸው። ውስጥ አልነበርኩም። ያንኑ ቦታ፣ ያንኑ መስኮት ላይ ተንተርሼ ነበር፤ ሁለታችንም እናውቃለን። የዕለቱን አስተካክዬ ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና በኦሮምኛ ለሹፌሩ አንድ ነገር ብለው ሄዱ። ከዚያ በኋላ ድርቆሻቸው ወደ ሱሉልታ አልመጣም።

በሳምንቱ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ እንደ ልማዷ "ሚዛናችን አይችልዎትም፤ ክብደትዎ ስንት ይሆን?" ስትል "አንድ መቶ ስልሳ" አልኳት። የት እንደተመዘንኩ ጠየቀችኝ። "ከድርቆሽ ጋር" አልኳት። ሳቀች፤ እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ቀልድ መሳቅ አቃተኝ። ከዚያ ክሊኒክ ነው አዲስ አበባ ወዳለው የቀዶ ጥገና ሐኪም የላኩኝ። ወጪውን ልጆቼ ተረባርበው ሸፈኑልኝ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። ጨጓራዬን አብዛኛውን ቆርጦ እንደሚያወጣውና የሚቀረው እንደ ሙዝ ቀጭን እንደሚሆን በሥዕል አሳየኝ። "የተቆረጠውን ምን ልታደርጉት ነው? መኪና ልላክላችሁ?" አልኩት። ይህኛውም የማይስቅ ሆነብኝ። ከዚህ በኋላ በትንሽ ማንኪያ፣ ቀስ ብሎ፣ ብዙ እያኘኩ፣ ውኃና ምግብ ሳልቀላቅል፣ ቫይታሚኔን ሳላቋርጥ ዕድሜ ልክ መኖር እንዳለብኝ ነገረኝ። "ቀዶ ጥገናው ግማሹን ሥራ ነው የሚሠራው፤ ሌላውን የሚሠሩት እርስዎ ነዎት" አለ። አስካለ ከጎኔ ሆና ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፈችው፤ ባሏን ታውቀዋለች።

ከሰመመን ስነቃ ሆዴ ላይ አምስት ትንንሽ ቀዳዳ ነበር። ያን ሁሉ ሥራ በእነዚያ ቀዳዳዎች መሥራታቸው እስካሁን ይገርመኛል። ያመመኝ ሆዴ ሳይሆን ትከሻዬ ነው፤ ለሥራው የነፉኝ አየር ነው አሉ። "ተነፍቼም ነበር የመጣሁት፤ ምነው ደገማችሁ?" አልኳቸው። በዚያው ዕለት አስነሥተው ኮሪደሩን አስኬዱኝ። ውኃ በመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን እየተለካ ተሰጠኝ። አንድ ክዳን፤ ጠብቅ፤ ሌላ ክዳን። በክዳን የሚጠጣ ሰው ሆንኩ።

ቤት ስመለስ ጠያቂው ጎረፈ። በሽተኛ ሊጠይቅ ባዶ እጁን የሚመጣ የለም፤ አንዷ ዶሮ ወጥ፣ አንዷ ቅንጬ በቅቤ፣ አንዱ ሙዝ በካርቶን። እኔ ፊት አስቀምጠውት ቀጭን ሾርባ በሻይ ማንኪያ ስጠጣ ያዩኛል። አንዲት ጎረቤታችን "አስካለ፣ ሰውዬውን በረሃብ ልትገድዪው ነው እንዴ?" ብላ አለቀሰች። የሚገርመው አልራበኝም። ሆዴ ዝም ብሏል። የራበው እጄ ነው። እጄ ወደ መሶብ መሄድ ለምዶ ሥራ ፈታ፤ ጭኔ ላይ ተቀምጦ የት እንደሚሄድ ጠፋው። ሐዘን መሰለኝ። አንድ ወዳጄን የቀበርኩ ያህል ከሥጋ ቤቱ ፊት ቆሜ ሽታውን ስምግ ራሴን አግኝቼዋለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አስካለ ገበያ ስትሄድ፣ ከመሶቡ አንዲት ቁራሽ እንጀራ ሰረቅሁ። መዳፍ አታክልም። በሽሮ አጥቅሼ፣ እንደ ዱሮዬ ሳላኝክ ዋጥኳት። ደረቴ ላይ ቆመች። ወደ ላይም ወደ ታችም የለም። ምራቄ ሞላ፣ ላብ አጠመቀኝ፣ ደረቴን በጡጫ የያዘኝ መሰለኝ። ግድግዳ ተደግፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ዓመት በሥጋ ያልሞትኩ ሰውዬ በቁራሽ እንጀራ ልሞት ነው አልኩ። ስለ ልጆቼ ማሰብ ይገባኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የመጣብኝ የኦቦ ደቻሳ ፊት ነው። ያኔ ውስጥ ነበርኩ ማለቴ። በዚህ ቃል ላይ መሞት አስጠላኝ። ከዚያ ወጣልኝ፤ አስመለሰኝ። አስካለ መጥታ ስታገኘኝ አልቀለድኩም። "ሰርቄ በላሁ" አልኳት። ደብተሯን አውጥታ ለሐኪሙ ደወለች፤ ያን ቀን ወስዳ አስመረመረችኝ፤ ደግነቱ የተጎዳ ነገር አልነበረም።

ክብደቱ ቸኩሎ ሄደ። ፀጉሬ ሳሳ፤ ቆዳዬ ባለቤቱ እንደወጣበት ድንኳን ተንጠለጠለ፤ ብርዱ ደግሞ አጥንቴ ድረስ ገባ። መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ምን አገኘህ?" ይሉኛል፤ እንዲህ የከሳ ሰው እየሞተ ነው የሚመስላቸው። ወፍሬ ሳለሁ፣ በእውነት ልሞት በተቃረብኩበት ጊዜ፣ "ተመችቶሃል" ነበር የሚሉኝ። ለቅሶ ቤት አሁንም ሁለት ወንበር አመጡልኝ። አንዱን አውጥቼ ከኋላዬ ለቆመ ሰው ሰጠሁ። ያቺ ቀን ብናገረው የማይታመን ደስታ ሰጥታኛለች።

ሥራ እንደተመለስኩ መጀመሪያ ወይዘሮ ሰናይት ቢሮ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳት። ከሰዓት በኋላ ደጅ ቆሜ የመዘንኩበትን ቀን ሁሉ መለየት እንደማልችል ስነግራት፣ በዚያ ወቅት ላመጡት ገበሬዎች በሙሉ በሚቀጥለው ጭነታቸው ላይ የጎደለው እንዲጨመርላቸው አዘዘች። እኔንም በማስጠንቀቂያ አለፈችኝ። ከዚያ ቀለምና ብሩሽ ገዛሁ። ሲፈን፣ መስመሩ ያ ነው። ተንበርክኬ ነው ያሰመርኩት፤ አራቱንም ማዕዘን፣ ግማሽ ቀን ሙሉ። የበሩ ጥበቃ "ጋሼ፣ ሰው ላሰማራልዎት?" ሲለኝ እምቢ አልኩት። ራሴ ተንበርክኬ፣ ራሴ ተነሣሁ።

ሁሉም ገበሬ የጎደለውን ወሰደ። አንድ ሰው ብቻ አልመጣም።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ጫንጮ ሄድኩ። ኦቦ ደቻሳ ደጃቸው ላይ ገመድ እየገመዱ አገኘኋቸው። አላወቁኝም። "የሱሉልታው ሚዛን ነኝ" ስላቸው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። "ሌላው የት ሄደ?" አሉኝ። መልስ አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። "ኦቦ ደቻሳ፣ ያኔ ውስጥ አልነበርኩም" አልኳቸው። "ሦስቱንም ጊዜ ሚዛኑ ላይ ነበርኩ። ያን ቀንም አውቄ ነው የዋሸሁዎት።"

ገመዳቸውን ጨርሰው ቋጠሩ። "ኮቱ፣ ታኢ" አሉኝ፤ ና ተቀመጥ ማለታቸው ነው። ገባሁ። ባለቤታቸው አዴ ብርቄ ገንፎ አቀረቡ፤ መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤው የሚዋኝበት ትልቅ ገበታ። ለምን እንደመጣሁ ሰምተዋል፤ ይህ ዝም ብሎ ምግብ አይደለም። አብሬ ከበላሁ ነገሩ አለቀ፤ ካልበላሁ አላለቀም ማለት ነው። ከዳር በኩል ቅቤ ያልነካውን በማንኪያ ጫፍ ሦስት ጊዜ ቀመስኩና አቆምኩ። አዴ ብርቄ "ብላ እንጂ" አሉ። ኦቦ ደቻሳ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ቂም የያዝኩ እኔ ነኝ። አንተ ምን ሆነህ ነው የማትበላው?" አሉኝ።

"ሆዴን ቆርጠው ጥለውታል። ከዚህ በላይ አይገባም። ቅቤው ደግሞ ያዞረኛል፤ እዚሁ እወድቅብዎታለሁ።"

"ያኔም ስትቀልድ ነበር።"

እውነታቸውን ነው። ያን ሁሉ ዓመት በቀልድ የኖረ ሰው እውነት ሲናገር ማን ያምነዋል። ተነሥቼ ሸሚዜን ገለጥኩ። አምስቱን ጠባሳና የተንጠለጠለውን ቆዳ አዩት። አዴ ብርቄ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ኦቦ ደቻሳ ግን ቀረብ ብለው፣ በግ የሚገዙ ይመስል ዓይናቸውን አጥብበው መረመሩኝ። "ስንት ወረደልህ?"

"ስልሳ ኪሎ።"

"ከዚያ ውስጥ የእኔ ድርቆሽ ስንቱ ነው?"

አዴ ብርቄ ከነጠላቸው ሥር ሳቁ። እኔ መሳቅ ፈርቼ ቆምኩ። ኦቦ ደቻሳ በጣታቸው ከገንፎው ዳር፣ ቅቤ ካልነካው፣ ቆረሱ፤ አሳዩኝ። "ይህን ያህል?"

"ይበዛል።"

ከፍለው ግማሹን መለሱ። "ይህን?"

"ትንሽ ይቀንስ።"

ባቄላ የሚያክል አደረጉት። "አሁንስ፣ መዛኙ?"

"ልክ ነው" አልኳቸው።

አንድ ጉርሻ ብቻ ማጉረስ ደግሞ እሳቸው ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ያቺን ባቄላ መዳፋቸው ላይ አድርገው በጥፍራቸው ለሦስት ከፈሏት። አንዷን አጎረሱኝ፤ አኝኬ እስክውጥ ጠበቁኝ። ሁለተኛዋን፤ ጠበቁኝ። ሦስተኛዋን። ሐኪሙ ራሱ እንዲህ በትዕግሥት አያበላኝም ነበር። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው "ኅዳር ላይ ድርቆሽ አመጣለሁ፤ አንተም ትገኛለህ" አሉኝ። ጡረታ እንደወጣሁ ነገርኳቸው። "ምንም ቢሆን ትገኛለህ" አሉ።

ኅዳር ላይ መኪናቸው እንደሚመጣ ሰምቼ ሱሉልታ ሄድኩ። ሲፈን፣ ያን ቀን አንቺ ነበርሽ የምትመዝኚው፤ ለምን እንደመጣሁ ገርሞሽ ይሆናል። ድርቆሹ ተራግፎ ባዶው መኪና ከሰዓት ሚዛኑ ላይ ወጣ። ኦቦ ደቻሳ ከጋቢናው ወርደው እኔ አጠገብ መጥተው ቆሙ። ቀዩ ቁጥር ከመስኮቱ በላይ በራ። እሳቸው ግን ቁጥሩን አላዩም፤ መጀመሪያ ጎንበስ ብለው እግሬን አዩ። እኔም አየሁት። ጫማዬ፣ ራሴ ባሰርኩት ማሰሪያ፣ ከነጩ መስመር ውጭ ነበር። ከዚያ ቀና አሉና ቁጥሩን አነበቡ።